31 ዓመት በስህተት የሳልኩት ሮኬት (ከሞተርሆም ጉዞ መልስ)

የጅማው መምህር | እሑድ፣ ሌሊት 9፡20

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከአሜሪካ ከተመለስኩ አምስተኛ ቀኔ ነው፤ ሰውነቴ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል፤ ተነሥቼ በረንዳ ላይ ቁጭ እላለሁ። ዛሬ ዝም ብዬ ከምቀመጥ ልጻፍ አልኩ።

ብዙዎቻችሁ እዚሁ ጅማ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ናችሁ። ይቅርታ የምጠይቀውም እናንተን ነው። ጥፋቴን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ልጄ የምትኖረው አትላንታ ነው። እኔንና እናቷን ከወሰደችን በኋላ ባለቤቷ ሞተርሆም ተከራየና ከሁለቱ የልጅ ልጆቼ ጋር ስድስት ሆነን ሰባት ቀን ዞርን፦ ቻታኑጋ፣ ከዚያ አላባማ ውስጥ ሀንትስቪል፣ ከዚያ ናሽቪል፣ መልሶ አትላንታ። ሞተርሆም ለማታውቁ፣ ከፊቱ መኪና ከኋላው ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት አለው። ባለቤቴ ገና እንዳየችው «ቤት ነቅለው ጎማ ገጠሙለት» አለች። ስለ ቻታኑጋና ናሽቪል የምለው ብዙ የለኝም፤ ቆንጆ ናቸው፣ ሞቃት ናቸው።

ሀንትስቪል ግን ሌላ ነው። እዚያ ያለው የጠፈርና የሮኬት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተ ሲሆን፣ ከሙዚየሙ አጠገብ ሞተርሆም የሚያድርበት ቦታ አለው። መብራትና ውኃ ትሰካላችሁ፣ ታድራላችሁ። የደረስነው መሽቶ ስለነበር ምንም አላየሁም። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሮኬት፣ ሳተርን 5 ቆሟል። ያ የቆመው ቅጂው ነው፤ እውነተኛው አዳራሽ ውስጥ ተጋድሞ ከራስ በላይ ተደግፏል። ከሥሩ ነው የሚኬደው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሂውስተንና ፍሎሪዳ ይገኛሉ። ከጭራው እስከ ጫፉ በሽማግሌ እርምጃ ቆጠርኩት፤ ወደ 160 መጣልኝ። ልኩ 110 ሜትር ከ60 ነው። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንፃ ግማሽ በሉት።

እዚያው አዳራሽ ውስጥ አፖሎ 16 የተባለው የጨረቃ ጉዞ ሰዎች ደርሰው የተመለሱባት ካፕሱል፣ ማለትም የጠፈርተኞቹ ክፍል፣ አለች። እ.ኤ.አ. በ1972 ሦስት ሰው 11 ቀን የኖረባት ናት። ወገቧ 3.9 ሜትር፣ ቁመቷ ከ3 ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ታቿ እንደ ቆየ ምጣድ ጀርባ ከስሏል፤ ቦታ ቦታው ተቀርፏል። ከዚያ ሁሉ 110 ሜትር ተመልሶ መሬት የደረሰው እሷ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ በየመንገዱ እየተጣለ ይቀራል።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። 31 ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሮኬት ስስል ሲሶውን ለጠፈርተኞቹ ክፍል እሰጥ ነበር። ልኩን ብጠብቅ ኖሮ አንድ ሜትር ሮኬት ላይ ካፕሱሏ 3 ሴንቲ ሜትር ነበረች። በቾክ አንዲት ጭረት! እናንተም ደብተራችሁ ላይ ገለበጣችሁት። ከሥሯ ቆሜ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ልጄ ደግሞ አባቴ ደከመው ብላ ወንበር ልታመጣልኝ ሄደች።

---

አዌቱ_ዳር | እሑድ፣ ጠዋት 2፡05

ቲቸር!! እንኳን በሰላም ተመለሱ። የ2003 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ደብተሬን እናቴ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጣልኝ ነበር፤ አሁን አወረድኩት። እውነትዎን ነው። ሮኬቱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ካፕሱሉ 4 ሴንቲ ሜትር። በዚያ ላይ መስኮት ሠርቼለት ሦስት ሰዎች እጃቸውን ያውለበልባሉ። ከ10 ውስጥ 9 ሰጥተውኛል። ነጥቤን እንዳይቀንሱብኝ።

---

የጅማው መምህር | እሑድ፣ ጠዋት 2፡30

የቀነስኩብሽ አንዷ ነጥብ ለምን እንደነበረች እንጃ። ምናልባት መስኮቱ ስለበዛ።

---

ጋራዥ_ቆጪ | እሑድ፣ ጠዋት 4፡10

ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። እኔ ተማሪዎ አልነበርኩም፤ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ሮኬቱ ይቆየንና ስለ መኪናው ይንገሩን። ሞተሩ ምንድን ነው? ስንት ይበላል? ሽንት ቤቱስ ወዴት ነው የሚሄደው? አንድ ያረጀ ኮስተር ግቢዬ ውስጥ ቆሞ አሳብ እየሰጠኝ ነው።

---

የጅማው መምህር | እሑድ፣ ቀን 7፡45

ሞተሩ የፎርድ፣ ቤንዚን ነው። አማቼ እንዳሰላው በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ገደማ ጠጥቷል። ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ነው፤ ያም ሆኖ በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል።

ውኃው ሦስት ጋን ነው። አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ የዕቃና የገላ እጣቢ፣ አንዱ የሽንት ቤት። የሽንት ቤቱ ሲሞላ ማራገፊያ ቦታ ፈልገህ ወፍራም ቱቦ ትገጥምና ቧንቧውን ትከፍታለህ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ እጣቢውን፤ እጣቢው ቱቦውን እንዲያጥበው ነው። አማቼ በመጀመሪያው ቀን ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ጓንቱን ይዞ ሲመለስ ፊቱ ላይ የነበረውን አልጽፍም፤ ማታ ምግብ አልበላም።

ፍሪጁ በመብራትም በሲሊንደር ጋዝም ይሠራል። ስትቆም መኪናውን በጎማው ሥር በሰሌዳ እየደገፍክ ማስተካከል አለብህ፤ ካዘነበለ ፍሪጁ አይቀዘቅዝም፣ ሌሊቱን ሙሉ አንዱ ሌላው ላይ ሲንከባለል ያድራል።

ኮስተርህን በተመለከተ፣ ከምንም በፊት ቁም ሣጥኖቹ ላይ ጠንካራ መቆለፊያ አድርግ። እኛ ገና ከአትላንታ ሳንወጣ ኩርባ ላይ አንዱ ተከፍቶ በርበሬው ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ምን ሊሆን እንደሚችል አስበው።

---

ጋራዥ_ቆጪ | እሑድ፣ ቀን 8፡00

ጊቤ ላይማ ጀበናዋም ሾፌሩ ጋ ትመጣለች 😂

---

የሂርማታ_ሰዓዳ | እሑድ፣ ማታ 1፡15

ጋሼ፣ ጀበና ከተነሣ አይቀር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ቡናስ እንዴት አደረጋችሁት? እትዬ ያለ ቡና እንደማይውሉ ነው የማውቀው።

---

የጅማው መምህር | እሑድ፣ ማታ 3፡00

ሰዓዳ፣ ይህን ባትጠይቂኝ ይሻል ነበር።

ሀንትስቪል ባደርንበት ጠዋት፣ ከዚህ ይዛ የሄደችውን ጥሬ ቡና ምድጃው ላይ መጥበሻ ጥዳ መቁላት ጀመረች። እኔ በመስኮት ሮኬቱን እያየሁ ነው። ቡናው ሊንጣጣ ሲል ጣሪያው ላይ የተለጠፈች ነጭ ክብ ዕቃ እሪታዋን ለቀቀችው። የጭስ ማንቂያ ናት። ልጆቹ ከአልጋ ተወርውረው ወረዱ፣ አማቼ በፎጣ እያራገበ ይዘላል፣ ባለቤቴ ግን መጥበሻውን አላወረደችም። «ከደረሰ በኋላ አይተውም» አለች።

ጎን ከቆመው ሞተርሆም አንድ ሽማግሌ በቁምጣ ሮጠው መጡ። እሳት መስሏቸው ነው፤ ማጥፊያ ሲሊንደር ይዘዋል። ነገሩ ሲገባቸው ወንበራቸውን አምጥተው ተቀመጡ፤ ከአቦል እስከ በረካ ጠጡ። ስኳር አልፈለጉም። እዚያው ከተማ ነው ያደጉት። እርሳቸው ልጅ ሳሉ የሮኬቱን ሞተሮች መሬት ላይ አስረው ሲፈትሹ የቤታቸው መስኮት ይንቀጠቀጥ፣ የእናታቸው ሲኒዎች ቁም ሣጥን ውስጥ እየተጋጩ ይጮኹ ነበር አሉን። የባለቤቴን ረከቦት እያዩ ነው ይህን ያሉት። ከሙዚየሙ ጽሑፍ ሁሉ ያ የሲኒ ወሬ ነው የቀረልኝ።

---

ፈረንጅ_አራዳ_ልጅ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ጋሼ በጣም አከብርዎታለሁ፣ ግን ጨረቃ ላይ ማንም አልወጣም። ስቱዲዮ ነው የተቀረጸው። ለምን ታዲያ ከ1972 በኋላ አልተመለሱም?

---

ኳንተም_ጅማ | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

@ፈረንጅ_አራዳ_ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ነው የማጠናው፤ አጭር ላድርገው። አፖሎ 11፣ 14 እና 15 ጨረቃ ላይ የተዉአቸው መስተዋቶች ዛሬም አሉ፤ ከመሬት ሌዘር ተልኮባቸው ብርሃኑ ይመለሳል። 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር አምጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጨረቃን የምትዞር መንኮራኩር ያረፉበትን ቦታ፣ የእግራቸውን ዱካ መስመር ሳይቀር ፎቶ አንስታለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሶቪየቶች ነበሩ። ውሸት ቢሆን ያን ጊዜ ዝም የሚሉ ይመስልሃል? ያልተመለሱት ፉክክሩን ስላሸነፉና ገንዘቡ ስለተቆረጠ ነው።

---

የጅማው መምህር | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡40

ሰው መጀመሪያ ጨረቃ ላይ ባረፈ ዕለት፣ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሂርማታ አንድ ሱቅ በር ላይ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ከቦ ነበር። አያቴ በዚያው ሌሊት ወጥታ ጨረቃን አየችና «ምንም አልሆነችም» ብላ ገባች። እና @ፈረንጅ_አራዳ_ልጅ፣ ያን ጊዜም የአንተ ዓይነት ነበረ፤ አትጨነቅ።

---

ጋራዥ_ቆጪ | ሰኞ፣ ማታ 12፡30

እሺ አሁን ወደ ሮኬቱ እንግባ። ነዳጁ ምንድን ነው?

---

የጅማው መምህር | ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ይህ አንተን ደስ ይልሃል። የመጀመሪያው ክፍል የሚያቃጥለው ነጭ ጋዝ ነው። እናቶቻችን በኩራዝና በፋኖስ ያነደዱት ላምባ፤ ጠርተው ጠርተው ያጠሩት ነው እንጂ ዘሩ ያው ነው። አየር በሌለበት ስለማይነድ ከጎኑ ፈሳሽ ኦክስጅን ይዞ ይሄዳል።

ላምባው 770 ሺህ ሊትር ነው። አንድ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ይይዛል ብንል 17 ቦቴ መሆኑ ነው። ከጅማ መውጫ ጀምሮ 17 ቦቴ ተሰልፎ አስበው። ያንን በ2 ደቂቃ ተኩል ጨረሰው። አምስት ሞተር አለው፤ የእያንዳንዱ አፍ 3.7 ሜትር ይሰፋል፣ ባጃጅ ገብታ ትቆምበታለች። ነዳጁን ወደ አንዱ ሞተር የሚገፋው ፓምፕ ጉልበት 55 ሺህ የፈረስ ጉልበት ነው።

---

ጋራዥ_ቆጪ | ሰኞ፣ ማታ 2፡14

ፓምፑ? ሞተሩ ሳይሆን ፓምፑ???

---

የጅማው መምህር | ሰኞ፣ ማታ 2፡20

ፓምፑ።

---

ጋራዥ_ቆጪ | ሰኞ፣ ማታ 2፡21

ዛሬ ሥራ አልሠራም።

---

ከሸገር_ቁጥር2 | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡50

ሁላችሁም በሮኬቱ ሰክራችኋል፤ አንድ ነገር ግን አትርሱ። ያንን ሮኬት የመራው ቨርነር ፎን ብራውን ቀደም ብሎ ለሂትለር ጦር ቪ-2 ሚሳይል የሠራ ሰው ነው። ሚሳይሉ ለንደንንና አንትወርፕን ደብድቧል። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ከማጎሪያ ካምፕ የመጡ እስረኞች በግዳጅ ሲሠሩ በሺዎች አልቀዋል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖቹ ወሰዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ሀንትስቪል ገባ፣ በ1960 እዚያው ያለው የናሳ የጠፈር በረራ ማዕከል ዋና ኃላፊ ሆነ። ጥሩ ቡና ጠጥቶ መመለስ ብቻ አይደለም።

---

የጅማው መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

ልክ ነህ። ይህም ከጥፋቴ ይቆጠር። ስሙን «ታላላቅ ሳይንቲስቶች» ብዬ ከነ ኒውተን ጋር ለጥፌ ለስንት ዓመት አስተምሬበታለሁ፤ ስለ እስረኞቹ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ግማሹን አላውቅም ነበር። ግማሹን ግን አውቅ ነበር፤ ፈተና ላይ አይመጣም ብዬ ነው የተውኩት።

ሮኬቱን ማድነቄን ግን አልተውም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፤ ያም ሆኖ ሲኒ የተንቀጠቀጠባቸው ሽማግሌም እስረኞቹም በአንድ ታሪክ ውስጥ ናቸው።

---

የሂርማታ_ሰዓዳ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

ለልጆች የሚሆን ነገርስ አልነበረም? የኔዎቹ ፎቶ ካላዩ አይተኙም።

---

የጅማው መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡35

አለ እንጂ፤ ከ1982 ጀምሮ (በፈረንጅ) የልጆች የጠፈር ካምፕ አለ፤ ሰማያዊ ልብስ ለብሰው በሰልፍ ሲያልፉ ታያለሽ። የልጅ ልጆቼን የያዛቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የጦጣ መቃብር።

ቤከር ትባላለች። ከ300 ግራም ትንሽ የምትበልጥ፣ ከፔሩ የመጣች ጦጣ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 28 ቀን 1959 ኤብል ከምትባል ሌላ ጦጣ ጋር ሮኬት ጫፍ ላይ አስረው ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ ሰደዷቸው፤ 16 ደቂቃ ያህል በረው በሕይወት ተመለሱ። ኤብል ከጥቂት ቀን በኋላ በቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሞተች። ቤከር ግን እስከ 1984 ኖረች። የተቀበረችው ሙዚየሙ በር ላይ ነው። ጎብኚው መቃብሯ ላይ ሙዝ ያስቀምጥላታል። ትንሿ የልጅ ልጄ ከሞተርሆሙ ሙዝ አምጥታ አስቀመጠችና «ማን ነው የሚልጥላት?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረኝም፤ ራሷ ልጣ ተወችላት።

---

የሂርማታ_ሰዓዳ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

ወላሂ እኛ ጓሮ ያሉት ጦጣዎች ይህን ቢሰሙ ሁሉም ጠፈር እንሂድ ነው የሚሉት። በሙዝ ጉዳይ ካሳ አለባቸው።

---

ኳንተም_ጅማ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

መምህር፣ እኔም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሀንትስቪል ሲነሣ ትዝ አለኝ። እዚያው አቅራቢያ ያለችው ዲካተር የምትባል ከተማ አትላስ 5 ሮኬት የተሠራባት ናት። ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ሉሲ የምትባለውን መንኮራኩር ያስወነጨፈው አትላስ 5 ነው። ስሟ ከኛዋ ሉሲ የተወሰደ ነው፤ የሰው ዘር አመጣጥ በቅሪተ አካል እንደሚጠና እሷም የፀሐይ ሥርዓትን አመጣጥ ከጥንት አለቶች ልታጠና ነው። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በማትሞላ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ ነው! በዚያ ላይ ማንም ያልጠበቃት ትንሽ ጨረቃ ስትዞራት ተገኘች፤ እሷም ዲኪካ በተገኘችው የሕፃን ቅሪተ አካል፣ በሰላም ስም ተጠራች። እኛ ሀገር ሰው ጨረቃ ደረሰ አልደረሰ ሲከራከር ድንቅነሽና ሰላም እዚያ ላይ ናቸው።

የራሳችንም አለ፤ 72 ኪሎ የምትመዝነው የመሬት ምልከታ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ተወንጭፋለች።

---

አዌቱ_ዳር | ረቡዕ፣ ቀን 7፡00

ቲቸር፣ እኔ አሁን እዚሁ ጅማ አስተማሪ ነኝ፤ 8ኛ ክፍል። ልጆቼም እንደኔ አድርገው ነው የሚስሉት፤ ትላንት አየኋቸው። ለምን በልኩ አንስለውም? ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ በኖራ። 110 ሜትር ከ60።

---

የጅማው መምህር | ረቡዕ፣ ቀን 7፡12

መጣሁ።

---

ጋራዥ_ቆጪ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡40

50 ሜትር የሚለካ ሜትር አለኝ። ኖራም አመጣለሁ። ሞተሮቹን እኔ ነኝ የምስለው፤ ማንም እንዳይነካብኝ።

---

አዌቱ_ዳር | ቅዳሜ፣ ማታ 12፡50

ለቀራችሁ ሪፖርት።

ሜዳችን ከግብ እስከ ግብ 92 ሜትር ነው፤ ሮኬቱ አልበቃውም። ጭራውን አንደኛው ግብ መስመር ላይ ጀመርን። ጋራዥ_ቆጪ አምስቱን ሞተር በገመድና በችካል ክብ ክብ አድርጎ ሲስል አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ልጆቹ ሰለቻቸው። ሁለተኛው ክፍል፣ ሦስተኛው ክፍል እያልን ስንሄድ ሌላኛውን ግብ በመረቡ መሐል አልፈን ወጣን። ቲቸር እንዳሉት የመጨረሻዋ ጫፍ ካፕሱሏ አይደለችም፤ አደጋ ቢመጣ ካፕሱሏን ነጥቃ የምታመልጥ 10 ሜትር የምትሆን ቀጭን ሮኬት ናት። እሷ አጥሩ ሥር ደረሰች። ካፕሱሏ የወደቀችው ከግቡ ጀርባ፣ የጥበቃው ቤት በር ላይ ነው።

ሦስት ልጆች ክቡ ውስጥ ጎን ለጎን አስተኛናቸው። «11 ቀን እንዲህ ነው» ስንላቸው አንዱ «ሽንት ቤቱስ?» አለ። ጋራዥ_ቆጪ ስለ ቱቦው ሊያስረዳው ሲጀምር ቲቸር አስቆሙት።

ከዚያ ሁሉም ልጆች ወደ ሞተሮቹ ሄደው ተሰልፈው ሮጡ፤ ከነዳጁ እስከ ሰዎቹ ማለት ነው። ሲደርሱ ሁሉም አለከለኩ። ጥበቃው ወጥቶ መስመሩን እስከ ታች አየውና «ይሄ ሁሉ ሦስት ሰው ለማድረስ ነው?» አለ። ቲቸር «ሦስቱንም አይደለም፤ ጨረቃዋን የሚረግጡት ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል» አሉት። «እሱስ የኔ ቢጤ ነው» አለ ጥበቃው።

---

የጅማው መምህር | እሑድ፣ ጠዋት 1፡30

ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ፤ ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ነው። ዝናቡን እንኳ አልሰማሁም። ኖራው እንዴት ሆነ?

---

አዌቱ_ዳር | እሑድ፣ ጠዋት 3፡05

ሜዳው ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ ታጥቧል። የጥበቃው ቤት ጣሪያ ስለከለላት ካፕሱሏ ግማሿ አለች።

---

ጋራዥ_ቆጪ | እሑድ፣ ጠዋት 3፡20

ሜትሬን ማነው ይዞት የሄደው?